የእንጨት ማንኪያ

የጀመረው ሰኞ ነው፣ በጥር ወር አጋማሽ፣
ሊየፓያ ላይ ነፋስ ከባልቲክ ሲነፍስ ሲያመሽ፤
ስካይድሪቴ ብቻዋን፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣
የዓሣ ፋብሪካውን ገቢና ወጪ ስታይ፣
ከጠረጴዛው ሥር፣ ከጥቁሩ ሣጥን ሆድ ውስጥ፣
አንድ ነገር ተናገረ፦
        ጢክ። ጢክ። ጥርርር… ጢክ።
ዝም።
        ደግሞ ጢክ።

እርሳሷን አስቀምጣ ቆጠረች እስከ ዘጠኝ፤
«ወይ ግራ ነው» አለች ተንበርክካ፣ «ወይ ቀኝ።»
በመዳፏ መታችው፤ ጸጥ አለ እንዳፈረ፤
ወንበሯን ስትስብ እንደገና ጀመረ።

ማክሰኞ ጢክ አለ፤ ረቡዕ አረፈ፤
ሐሙስ እኩለ ሌሊት ጥርሱን እያፋጨ ለፈለፈ።
የደወለችለት የኮምፒውተር ሱቁ ወጣት
«አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ ይግዙ አዲስ» አላት።
«እኔስ ስልሳ ሦስቴ ነው» ብላ ዘጋችበት።

ዓርብ ማታ ኢማንትስ ከሥር ፎቅ ወጣ፤
የመርከብ ሞተር ሲያክም ነው ጠጉሩ የነጣ።
በአንድ እጁ ካቻቪቴ፣ በአንዱ የእጅ ባትሪ፣
«እስቲ» አለ፣ «በሽተኛው ራሱ ይንገረኝ፤ አንቺ አታውሪ።»
ማዕድ ቤት ገብቶ አንድ ማንኪያ አመጣ፣
ረጅም፣ የእንጨት፣ የቀይ ሥር ቀለም ከጫፉ ያልወጣ፤
እጀታውን ከጆሮው፣ ጫፉን ከሣጥኑ አስጠግቶ፣
ዓይኑን ጨፈነ፤ ቆየ፤ ትንፋሹን ገትቶ።

«ምን ይላል?»
        «ዝም በይ።»
                «ኢማንትስ፣ ምን ይላል?»
«ወይ አንቺ ተናገሪ፣ ወይ እሱ ይናገራል።»

ብሎን አንድ። ብሎን ሁለት። ክዳኑ ተነሳ፤
የአሥራ አራት ዓመት አቧራ፣ ልክ እንደ ድመት ሬሳ።
በብሩሽ ጠረጉት። እሷ አነጠሰች፤
እሱን ሳል ያዘው፣ ረዘም ያለ ሳል። ውሃ ሰጠች።

ምርመራው ቀጠለ።
የኋላውን ማራገቢያ በእርሳሷ ጫፍ ገታው፤
        ጢክ።
የሃርድ ዲስኩን ሽቦ ነቀለ፤
        ጢክ።
የኃይል ሣጥኑን በማንኪያው አዳመጠ፤
እሱ ያጉረመርማል እንጂ አያንኳኳም።
        ጢክ።
ስካይድሪቴ ወረቀት ላይ ስማቸውን ጽፋለች፣
ነፃ የወጣውን በቀይ ትሰርዛለች።

የቀረው አንድ ብቻ፣ መሀል ላይ የቆመው፣
የአንጎሉን ትኩሳት በነፋስ የሚያክመው።
ባትሪውን አስጠጉ፤ አራት ዓይን አፈጠጠ፤
አንድ ብጫቂ ወረቀት፣ ግማሹ የተላጠ፣
ሙጫው በሙቀት ደርቆ ከክፈፉ የለቀቀ፣
ክንፉ ባለፈ ቁጥር ጫፉን እየፋቀ።

በጥፍሩ አነሳው። መነጽሯን አድርጋ አነበበች፦
«ይህ ምልክት ከተነሳ ዋስትናው ይፈርሳል።»
ቀኑ ካለፈበት አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል።
«እንግዲያ» አለች፣ «አምስት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ
የሞተ ዋስ ነው!»
ሳቁ። እሱ ሲስቅ ሳሉ ተመለሰ።

ክዳኑ ተገጠመ። ቁልፉን ተጫነች።
ምንም።
ለስላሳ ነፋስ ብቻ፣ ከኋላው ፍርግርግ።

ግን አምስት ቀን የተሳለ ጆሮ በቃህ ቢሉት መቼ ይተኛል፦
ፍሪጁን ሰማች፤ ከወደቡ የክሬን ሲጥታ፤
የጎረቤቱን ዜና አንባቢ፣ ከግድግዳው ማዶ፤
ከዚያ፣ በጣም ቅርብ፣ ከግራጫው ሹራብ ሥር፣
ቀጭን ፉጨት የመሰለ፣ ሲወጣ ሲገባ አየር።

«ይሄስ ምንድን ነው?»
        «የቱ?»
                «ይሄ። ከግራ በኩል።»
«መስኮቱ ነው፤ ነፋሱ ነው» አለ። ኮቱን ሊያነሳ ዞረ።

ማንኪያውን ግን ቀድማ ከጠረጴዛው አንስታለች፤
እጀታውን ከጆሮዋ፣ ጫፉን ከጀርባው አስጠግታለች።
«ኧረ ባክሽ፣ ሴትዮ፣ እኔ እኮ…»
        «ዝም በል፣ ኢማንትስ። ተንፍስ።»

ተነፈሰ።
ዓይኗን ጨፍና መቁጠር ጀመረች።